አምበሉ ከሜዳ ሲወጣ

በቀይ ካርድ ለወጣ ተጫዋች ምትክ አይገባለትም፤ የእርሱን ሩጫ የቀሩት አሥር ጓዶቹ ይካፈሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በበርሊን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የፈረንሳዩ አምበል ዚነዲን ዚዳን በ7ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ግብ አስቆጥሮ ነበር። ዳሩ ግን በተጨማሪው ሰዓት፣ በ110ኛው ደቂቃ፣ የኢጣሊያው ማቴራዚ እህቱን የሚነካ ስድብ ቢሰነዝርበት ደረቱን በቴስታ መትቶ ጣለው፤ ከሜዳም ተባረረ። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ሲለይ ዚዳን ለመምታት አልነበረም። ኢጣሊያ 5 ለ 3 አሸነፈች።

እህት ያለው ሁሉ ቁጣውን ይረዳዋል፤ ባለቤቶቻችንም «ደግ አደረገ» ሳይሉ አይቀሩም። ይሁን እንጂ ተሳዳቢ የሚሻው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ ቁጣንም እንደ እግር ሊያሠለጥነው ይገባል፤ በልምምድ ላይ ሆን ብሎ የተሳሳተ ፍርድ እየሰጠ ተጫዋቾቹን በዝምታ ማጫወት አንዱ ዘዴ ነው።

ከዳኛ ጋር በመሟገት የሚመጣውን ቢጫ ካርድ ማስቀረት ከዚህ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ስለ ውሳኔ ዳኛውን የሚያነጋግረው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። አቤቱታውን በአለቃው በኩል ለሚያቀርብ ወታደር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጦር ሠፈራችን ቡድኖችም ቢሠራበት መልካም ነው። አምበሉ ግብ ጠባቂ የሆነ እንደሆነ፣ ሜዳውን አቋርጦ እንዳይሮጥ፣ በእርሱ ፈንታ የሚናገር ተጫዋች አስቀድሞ ይሰየማል።