የቡና ነጋዴና የአየር መንገዶች የክብር ካርድ

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ መጓዝ ግድ ነው። ቴፒ ደግሞ ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ የደቡብ ምዕራቡ ቡና ላኪ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ፍራንክፈርት ለመሄድ ቦሌ ሲደርስ፣ ሌላው መንገደኛ ጉዞውን ገና ሲጀምር እርሱ ግማሹን ድካም ጨርሶታል ማለት ይቻላል።

ከቴፒ ወገን የሆኑ አንድ ቡና ላኪ ያጫወቱን ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። እኒህ ነጋዴ ለውጭ አገር ገዢዎች የሚያሳዩትን ናሙና፣ የታጠበውን ለብቻ፣ ያልታጠበውን ለብቻ በየከረጢቱ አሽገው፣ የፈቃዱንም ወረቀት አሟልተው ቦሌ ይደርሳሉ። ሁለቱ ሻንጣዎቻቸው በነጻ አለፉ። ሦስተኛው ካርቶን ግን 18 ኪሎ ሆኖ ስለ ተገኘ የትርፍ ዕቃ ሒሳብ ተጠየቁ። የተጠየቁት ገንዘብ በኪሳቸው ከያዙት ስለ በለጠ ካርቶኑን ሊሸኛቸው ለመጣው ዘመዳቸው መልሰው ሰጡት። ከእርሳቸው ቀጥሎ ቆሞ የነበረ ሰው ግን አንዲት የወርቅ ቀለም ያላት ካርድ አሳይቶ፣ የእርሱም ሦስተኛ ሻንጣ ያለ አንዳች ክፍያ ተመዝኖ ገባለት። እኒያ ነጋዴ ካሰቡት ከተማ ደርሰው ናሙናቸውን ሲዘረጉ፣ ገዢው አጥብቆ የጠየቃቸው ያልታጠበውን የሸኮ ቡና ነበር። እርሱም ቦሌ በቀረው ካርቶን ውስጥ ነበር።

«ያ ሰው ምን ከፍሎ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

በዚያች ቀን ምንም አልከፈለም። የከፈለው ዓመቱን ሙሉ ጉዞውን በአንድ አየር መንገድ ወይም በአንድ የአየር መንገዶች ኅብረት በማድረጉ ነው። ነገሩ እንግዳ ለሆነባቸው አንባቢዎቻችን በአጭሩ ብናስረዳ፣ አየር መንገዶች ለተመላላሽ ደንበኞቻቸው የተጓዙትን ርቀት በማይል እየቆጠሩ፣ ቁጥሩ ከተወሰነ መጠን ሲደርስ የክብር ደረጃ የሚሰጡበት ሥርዓት ነው። በሰፊው የታወቀው የአሜሪካን አየር መንገድ በ1973 ዓ.ም. በጀመረው ደንብ ሲሆን፣ ተፎካካሪው ዩናይትድ ብዙ ቀን ሳይቆይ ተከትሎታል። ዛሬ ይህን የማያደርግ ትልቅ አየር መንገድ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአገራችን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ ሥራውን የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ 5 የሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ዕቃው ከመካከል ታስሮ ይጫን ነበር። ሚዛን ተፈሪና ቴፒም የሣር ሜዳቸው አውሮፕላን የሚያስተናግድበት ዘመን ነበራቸው። ያን ጊዜ ባለ ወርቅ ካርድና ባለ ሰማያዊ ካርድ የሚባል አልነበረም፤ ሁሉም ከጆንያው ጎን ይቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ሥርዓት እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች መዝገብ ሸባማይልስ ይባላል። ደረጃዎቹም ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ናቸው። ብሉ ማንም ሰው ተመዝግቦ የሚያገኘው ሲሆን፣ ለሲልቨር በዓመት 25,000፣ ለጎልድ 50,000 የደረጃ ማይል ይጠየቃል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን ኅብረት ስለ ተቀላቀለ፣ የሸባማይልስ ጎልድ ካርድ የያዘ ሰው በሉፍታንዛም ሆነ በቱርክ አየር መንገድ ሲሄድ በክብር ይስተናገዳል። ይኸውም በኅብረቱ ደንብ የተጻፈ መብት ነው፤ በቅድሚያ መመዝገብ፣ በቅድሚያ መሳፈር፣ ሻንጣን ቀድሞ መቀበል፣ የቱሪስት ማዕረግ ትኬት ይዞም ቢሆን ከአንድ እንግዳ ጋር በማረፊያ አዳራሽ መቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃ በክብደት በሚቆጠርበት መንገድ 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚወሰንበት መንገድ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ በነጻ ማሳለፍ ነው። የቴፒው ነጋዴ ያዩት ሰው በዚህች የመጨረሻዋ መብት የተጠቀመ ነበር።

ስለ ማረፊያው አዳራሽ ብዙ ሲወራ እንሰማለን። ለእኛ ነጋዴ ግን ትልቁ ነገር አይመስለንም። በጓሮው የበቀለውን ቡና ጧት በጀበና የሚጠጣ ሰው፣ በባዕድ አገር በማሽን የተቀዳ ቡና ለመጠጣት ብሎ 50,000 ማይል አይበርም። አንድ ናሙና አንድ ኪሎ ቢመዝን፣ 20 ኪሎ ማለት 20 የተለያየ ቡና ለገዢ ማቅረብ ማለት ነው። ከቤበቃ እስከ ሸኮ፣ ከየኪ እስከ ጌሻ፣ የየቀበሌው ጣዕም በሚለያይበት አገር ይህ ቀላል አይደለም።

የሲልቨር ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በኅብረቱ አየር መንገዶች ሁሉ ዘንድ ሲልቨር የሚያስገኘው መብት፣ አውሮፕላኑ በሞላ ጊዜ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቀድሞ መጠራት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከቴፒ ሁለት ቀን በመኪና መጥቶ፣ የገዢው ቀጠሮ ሐሙስ ጧት ሆኖ፣ የረቡዕ ሌሊቱ አውሮፕላን ሞልቷል የተባለ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ከተፎካካሪዎቹ መካከል ነጋዴዎቻችን አዘውትረው የሚጠቀሙበት ኤሚሬትስ ነው። ስካይዋርድስ በሚባለው መዝገቡ ለሲልቨር 25,000፣ ለጎልድ 50,000፣ ለፕላቲነም 150,000 ማይል ይጠይቃል። ዕቃ በክብደት በሚቆጠርባቸው መንገዶች ለሲልቨር 12፣ ለጎልድ 16፣ ለፕላቲነም 20 ኪሎ ይጨምራል። ሲልቨሩ በዱባይ አዳራሽ መግባት ስለሚችል በዚህ በኩል ለጋስ ነው ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ኤሚሬትስ ከሦስቱ ታላላቅ ኅብረቶች በአንዱም አለመግባቱ ነው። ካርዱ በራሱና በፍላይዱባይ በረራዎች ላይ ሞገስ ቢኖረውም፣ ባለ ካርዱ ነገ በሉፍታንዛ ወደ ሐምቡርግ ቢሻገር እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሰልፎ ይቆማል። ንግዱ ሁሉ ወደ ዱባይና ከዱባይ ወዲያ ለሆነ ሰው ይስማማዋል፤ ዛሬ ጅዳ፣ ነገ ብሬመን ለሚል ቡና ላኪ ግን ይጠበዋል።

የኳታር አየር መንገድ በበኩሉ የዋንዎርልድ ኅብረት አባል ሲሆን፣ ደረጃን የሚለካው በማይል ሳይሆን በነጥብ ነው፤ ለሲልቨር 150፣ ለጎልድ 300፣ ለፕላቲነም 600።

ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የቱርክ አየር መንገድ ነው። ማይልስ ኤንድ ስማይልስ በተባለው መዝገቡ በ12 ወር ውስጥ 40,000 የደረጃ ማይል ያጠራቀመ ሰው ኤሊት ይባላል፤ ኤሊትም በስታር አሊያንስ ዘንድ እንደ ጎልድ ይቆጠራል። ደረጃው አንድ ጊዜ ከተገኘ ለሁለት ዓመት ይጸናል። የቱርክና የኢትዮጵያ አየር መንገዶች የአንድ ኅብረት አባላት በመሆናቸው፣ አንድ ሰው በኢትዮጵያ አውሮፕላን እየበረረ ማይሉን በቱርኩ መዝገብ ማስቆጠር ይችላል። ከዚያም በኤሊት ካርዱ ቦሌ ላይ የጎልድን መብት ያገኛል። ይህን ብልሃት የሚያውቁ ነጋዴዎች አሉ፤ ሕገ ወጥ ነገርም የለበትም። ነገር ግን ርካሽ ትኬት በሌላ አየር መንገድ መዝገብ ሲቆጠር የሚያስገኘው ማይል ጥቂት ሊሆን ስለሚችል፣ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት በላዩ የተጻፈችው የማዕረግ ፊደል ስንት በመቶ እንደምታስቆጥር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዲት ፊደል የጉዞውን ማይል ግማሽ ልታስቀር ትችላለች።

አሁን ሒሳቡን እንመልከተው፤ በካርድ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡን ሳይሠራ ስለሚመኝ ነው። የቴፒው ነጋዴ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ዱባይ፣ አንድ ጊዜ ፍራንክፈርት፣ አንድ ጊዜ ጅዳ ደርሰው ተመልሰዋል። ከአዲስ አበባ ዱባይ 1,560 ማይል ያህል ነው፤ ፍራንክፈርት 3,300፣ ጅዳ 880። ደርሶ መልሱ ሲደመር 14,600 ማይል ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ፣ ያለ አንዳች ተቀናሽ ቢቆጠር እንኳ ለሲልቨር አይደርስም። በእርሳቸው ዘንድ ግን በአንድ መዝገብ አልተቆጠረም። አንዱን ዱባይ በኤሚሬትስ፣ ሌላውን በኢትዮጵያ፣ ፍራንክፈርትን በኢስታንቡል በኩል በቱርክ፣ ጅዳን እንደገና በኢትዮጵያ ሄደዋል፤ በየጊዜው የሚመርጡት በዋጋው ጥቂት ዶላር የቀነሰውን ነበር። ስለዚህ በኤሚሬትስ ዘንድ 3,120፣ በቱርክ ዘንድ 6,600 ያህል፣ በኢትዮጵያ ዘንድ 4,880 ማይል ተበታትኖ ቀረ።

ወደ አሜሪካ የቡና ትርዒት አንድ ጊዜ ቢሄዱ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7,200 ማይል ያህል ስለምትርቅ ደርሶ መልሱ 14,400 ይሆናል፤ ከፊተኛው ጋር ተደምሮ 29,000 ደርሶ ሲልቨርን ያስገኛል። ጎልድ ግን አሁንም ሩቅ ነው። እንግዲህ በዓመት አራት ጊዜ በርካሽ ማዕረግ የሚሄድ ሰው ካርድ ለማግኘት ሲል ውድ ትኬት ቢገዛ ኪሳራ ነው። ለእርሱ የሚበጀው የትርፍ ሻንጣውን ዋጋ አስቀድሞ አጣርቶ በጊዜ መክፈል ነው፤ ወይም ናሙናውን ቀደም ብሎ በመልእክት ድርጅት መላክ። በዓመት ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ የሚመላለሰው ግን፣ ዋጋው በጥቂት ቢበልጥም በአንድ መዝገብ መጽናት ያተርፈዋል። ድንበሩ በሁለቱ መካከል ነው፤ እያንዳንዱም ያለፈውን ዓመት ትኬቶቹን ደምሮ ሊያገኘው ይችላል።

ሌላም አንድ ጉዳይ አለ፤ በእኛ አካባቢ ጎልቶ ስለሚታይ ሳናነሣው ብናልፍ ጉድለት ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ የጫካ ቡና የሚልኩት ግለሰብ ነጋዴዎች ብቻ አይደሉም፤ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም አሉ። ዩኒየኑ ሥራ አስኪያጁን ወይም የገበያ ሹሙን ወደ ውጭ ሲልክ የትኬቱ ዋጋ የሚከፈለው ቡናውን ለቅመው፣ በአልጋ ላይ አድርቀው ካስረከቡት አባላት ገንዘብ ነው። ማይሉ ግን የሚቆጠረው በተጓዡ ስም ነው። አየር መንገዶች ይህን መዝገብ የሚከፍቱት ለሰው እንጂ ለድርጅት አይደለም፤ ደረጃውም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ሥራ አስኪያጁ ከሥራው ሲለቅ ካርዱን ይዞ ይሄዳል፤ በተጠራቀመውም ማይል ቤተሰቡን ጎብኝ አድርጎ ቢልክ የሚከለክለው የለም። ይህን ስንል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ተጓዡም ሌሊቱን በአየር ማረፊያ ወንበር ላይ ያሳለፈው እርሱ ራሱ ነው። ነገር ግን የዩኒየኑ ቦርድ አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ በማኅበሩ ገንዘብ የተገኘ ማይል ለቀጣዩ የማኅበሩ ጉዞ ትኬት እንዲውል በቃለ ጉባኤ ቢወስን፣ ኋላ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሚነሣ ክርክር ይድናል። ከተፎካካሪዎቹ አየር መንገዶች ኤሚሬትስ፣ ኳታርና ቱርክ ለድርጅቶች ራሳቸው የተለየ መዝገብ አላቸው፤ ተጓዡ የራሱን ማይል ሲያገኝ ድርጅቱም የራሱን ያገኛል። ዩኒየኖችና ላኪ ኩባንያዎች ለጉዞ ከመነሣታቸው በፊት በየአየር መንገዱ የሽያጭ ቢሮ ስለዚህ ውል ቢጠይቁ መልካም ነው።

የተጠራቀመ ማይል ዕድሜ እንዳለውም እናስታውስ። በኤሚሬትስም በቱርክም ዘንድ ለሦስት ዓመት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይሰረዛል። ሳይመዘገቡ የተጓዙበትም ጉዞ ቢሆን የመሳፈሪያው ወረቀትና የትኬቱ ቁጥር ካለ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቆጠር ይችላል፤ ለዚህ ግን የጊዜ ገደብ አለው።

የቴፒው ነጋዴ ይህን ከሰሙ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄደው የመሳፈሪያ ወረቀቶቻቸውን ፈለጉ። የተገኙት በጀንፈል መረከቢያ መዝገብ ገጾች መካከል፣ እንደ ምልክት ገብተው ነው። የኤሚሬትሱና የቱርኩ ጊዜያቸው አልፎ ነበር። የጅዳው ግን ገና ሁለት ወሩ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ በስልክ ተመዝግበው 1,760 ማይል ጠየቁ።