ኮንትራባስ በሁለት ግመል

በጎረቤታችን በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የሚኖሩ አንድ አባት ባለፈው ሰሞን ምክር ጠይቀውናል። ወንድ ልጃቸው ናይሮቢ ለትምህርት ሄዶ ሲመለስ ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ ለምዶ መጥቷል፤ አሁንም ኮንትራባስ ይገዛልኝ ብሎ አባቱን ይዟቸዋል። አባትም ሁለት ግመል ሸጠው ገንዘቡን አዘጋጅተዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናም ወቅት በተከታታይ በከዳው አገር ሁለት ግመል ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አልወደድንም።

ኮንትራባስ፥ ደብል ቤዝም ይባላል፥ ከቫዮሊን ወገን የሆነ፥ ቁመቱ ከረዥም ሰው ጋር የሚተካከል፥ አራት አውታር ያለው መሣሪያ ነው። በጃዝ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደጋን ሳይሆን በጣት ይደረደራል። በገናን ያየ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንበትም፤ የዚህም አውታር እንደ በገናው በበርኩማ ላይ ያርፋል፥ በጥንት ጊዜም ከበግ አንጀት ይፈተል ነበር። ጃዝን ከእኛ ቅኝቶች ጋር ያዋሐዱት የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በዓለም ከታወቁ ወዲህ፥ ይህን ዜማ ከመሠረቱ ሆኖ የሚይዘውን ወፍራም ድምፅ የሚመኙ ወጣቶች በድንበሩ በሁለቱም ወገን አሉ።

በመጀመሪያ ለልጁ፥ «ቤዝ ጊታር ለምን አይበቃህም?» አልነው። ዋጋው ይረክሳል፥ በአውቶቡስም በቀላሉ ይጫናል፤ በ1960ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ባንዶችም አብዛኞቹ የተጫወቱት በእርሱ ነበር። ልጁ ግን፥ «የቤዝ ጊታር ድምፅ ከኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የኮንትራባስ ግን ከእንጨቱ ሆድ ይወጣል» ብሎ መለሰልን። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም።

አባትና ልጅ በናይሮቢ ሁለት መሣሪያዎች አይተዋል። አንደኛው ከወጥ እንጨት የተቀረጸ አሮጌ የአውሮፓ ሥራ ሲሆን፥ ፊቱ ላይ የተጠገነ ስንጥቅ አለበት። ሁለተኛው ከኮምፔንሳቶ የተሠራ አዲስ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አባት፥ «ወጥ እንጨት እያለ በሙጫ የተጣበቀ ለምን እንገዛለን?» በማለት ወደ አሮጌው አዘንብለዋል። ወጥ እንጨት የተሻለ ድምፅ የሚሰጥ ስለ ሆነ አሳባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ኮምፔንሳቶውን እንዲገዙ መክረናቸዋል።

ምክንያታችን የሞያሌ አየር ነው። ዝናም የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ደግሞም በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን፥ በመካከሉ ደረቅና ነፋሻ ወራት አሉ። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ስስ የሆነው ፊቱም በስንጥቁ በኩል እንደገና ይከፈታል። በኮምፔንሳቶ ግን ስስ ስስ ሉሆቹ ጭረታቸው እየተጠላለፈ ስለሚጣበቅ አንዱ ሌላውን ይይዛል፤ እንጨቱ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይታገሣል። ይህን መግዛት ለጃዝ ተጫዋች ውርደት አይደለም። በቺካጎ የነበረው ኬይ የተባለው ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1937 ጀምሮ ከኮምፔንሳቶ ኮንትራባስ ይሠራ ነበር፤ ብዙ የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋቾችም በእነዚህ መሣሪያዎች ኖረዋል።

ከመግዛት በፊት ልጁ መሣሪያውን በጥንቃቄ እንዲመረምር ነግረነዋል። መጠኑ ሦስት አራተኛ የሚባለው ይሁን፤ ስሙ የልጆች ቢመስልም ለአዋቂ ሰው የተለመደው እርሱ ነው። አንገቱ ከሆዱ ጋር በተጋጠመበት ቦታ ክፍተት መኖር የለበትም፤ ይህ ከተገኘ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተው። የጣት ሰሌዳው ከዞጲ ቢሆን መልካም ነው፤ በጥቁር ቀለም የተቀባ ለስላሳ እንጨት ከሆነ ግን አውታሩ ጥቂት በጥቂት እየፋቀ ጎድጓዳ ያደርገዋል። በውስጥ፥ ከበርኩማው ቀጭን አውታር በሚያርፍበት እግር ጀርባ፥ በሙጫ ያልተያዘች ትንሽ የእንጨት ምሰሶ ቆማለች። እርስዋ ከወደቀች ድምፁ ይሞታል፤ አውታሩ ተወጥሮ ሳለም ፊቱ ሊጎብጥ ይችላል።

በዋጋው ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በውጭ ገበያ ደኅና የኮምፔንሳቶ ኮንትራባስ ከ1,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይጀምራል። አባት ያላቸውን ሁሉ ለመሣሪያው ቢከፍሉ ስሕተት ነው፤ ለጥሩ አውታርና ለባለሙያ ማስተካከያ ጥቂት መቶ ዶላር መቅረት አለበት። ከፋብሪካ የመጣ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አውታሩ ከሰሌዳው እጅግ ርቆ ስለሚሰቀል የተጫዋቹን ጣት ያቆስላል። ለጃዝ፥ በሰሌዳው ጫፍ ላይ ቀጭኑ አውታር 5 ወይም 6፥ ወፍራሙ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይበቃዋል። በየወቅቱ ከፍና ዝቅ የሚል፥ ብሎን ያለው በርኩማ ቢገጠምለትም ለእንደ ሞያሌ ያለ አየር ይጠቅማል። ይህ ሁሉ በናይሮቢ ሳሉ ይፈጸም፤ ከሞያሌ ለጥገና መመለስ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነውና።

መንገዱ ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ ቢሆንም ኮንትራባስ በአውቶቡስ ጣራ ላይ በፀሐይ ተጋልጦ መሄድ አይችልም። አውታሮቹ በጥቂቱ ላላ ይበሉ እንጂ ፈጽመው አይፈቱ፤ ሁሉም ከተፈቱ ያቺ የውስጥ ምሰሶ ትወድቃለች። በርኩማው በብርድ ልብስ ይጠቅለልና መሣሪያው በጎኑ ይተኛ፤ በላዩም ጆንያ አይጫንበት። ልጁ ወደፊት ድንበር ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል ለመጫወት ስለሚያስብ፥ በሁለቱ አገሮች የጋራ ኬላ የንግድ ዕቃ ነው እንዳይባልበት የግዢውን ደረሰኝ ከመሣሪያው ልብስ ኪስ ውስጥ እንዲያኖር ለአባቱ ነግረናቸዋል።