መጀመሪያ ማጣራት፣ ኋላ መካፈል

ጋብቻ በፍቺ ሲፈርስ ብዙ ሰው የንብረቱን ጉዳይ «እኩል ይካፈላሉ» ብሎ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ሕጉ ግን ወደ እኩሌታ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌደራል ቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 የተከተሉት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ባልና ሚስት በውል ወይም በስምምነት ሌላ ካልወሰኑ በቀር፣ በቅድሚያ እያንዳንዱ የግሉ መሆኑን ያስረዳውን ንብረት ያነሣል። ቀጥሎ የጋራው ሀብት ሊሸከመው የሚገባው ዕዳ ይከፈላል። ለሁለት የሚከፈለው ከዚህ የተረፈው ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ ፍትሐዊ የሚሆነው ወይም የሚዛባው በፊተኞቹ ሁለት እርምጃዎች ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚቆሙት በማስረጃ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሞላሌ ጥሩ ቦታ ነው። በዚህች የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ዙሪያ የገበሬው ሀብት በአመዛኙ በግና ገብስ ነው። አንዲት ሴት ከወላጆቿ አምስት እናት በጎች ይዛ ገባች እንበል። ከዓመታት በኋላ በበረቱ ሃያ በግ ቢገኝ የማን ነው? ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ስለሆነ፣ በትዳር ዘመን የተወለዱት ግልገሎች የሁለቱም ናቸው። አምስቱ እናቶች ካሉና የእሷ መሆናቸውን ካስረዳች ለብቻዋ ታነሣለች። ተሸጠው በዋጋቸው ጊደር ተገዝታ ከሆነ ግን ጊደሯ የግል ንብረት የምትሆነው ፍርድ ቤት ይህን ሲቀበላት ነው። ያልተረጋገጠው ሁሉ፣ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ እንኳ ቢሆን፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ ግምት በስሟ ምንም ላልተመዘገበላት ሚስት ትልቅ ጋሻ ነው፤ ያመጣችውን ሳትቈጥር ለገባችው ግን በራሷ ላይ ይዞርባታል።

የመሬቱ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። መንዝ በአፅመ ርስት የታወቀ አገር ነበር፤ ባልም ሚስትም ርስት የሚቈጥሩት ከየዘራቸው ስለነበር ጋብቻ የሁለቱን መሬት አንድ አያደርገውም ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አስቀረው። ዛሬ ገበሬው ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሆነው መሬት ደብተር ላይም የሁለቱም ስም ይሰፍራል። በዓይነት ለመካፈል የሚያስቸግር የጋራ ንብረት ተሽጦ ገንዘቡ ሊከፈል ይችላል፤ ቤትም በግም በሐራጅ ይሸጣል። መሬትን መሸጥ ግን ሕገ መንግሥቱ ስለከለከለ ይህ በር ዝግ ነው። ስለዚህ ጠባብ ማሳ ለሁለት ሲቈረጥ ማንንም የማያኖር ከሆነ፣ አንዱ ማሳውን ሌላው በምትኩ ከብቱን ወይም ቤቱን እንዲወስድ መስማማት ከመቈራረጥ ይሻላል።

ዕዳ ከንብረት ይልቅ የሚዘነጋ፣ ግን ድርሻን ክፉኛ የሚያጐድል ጉዳይ ነው። «እኔ ያልፈረምኩትን ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሕጉ የሚመለከተው ግን የፈራሚውን ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የዋለበትንም ነው። ባል በስሙ የማዳበሪያ ብድር ወስዶ በጋራ ማሳ ላይ ቢያውለውና ገብሱ ቤተሰቡን ቢመግብ፣ ዕዳው ለትዳር ጥቅም የተገባ ነውና ሁለቱም ይጠየቁበታል። ለግሉ የተበደረው ግን በቅድሚያ ከግል ንብረቱ ይከፈላል፤ ያ ከሌለ አበዳሪው ወደ ጋራው ይዞራል። ለዚህ ነው የፌደራሉ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት የሚጠይቀው። ያ ገንዘብ ዛሬ አንዲት ግልገል እንኳ ስለማይገዛ፣ ቁም ነገር ያለው ብድር ሁሉ በዚህ ደንብ ሥር ይወድቃል ማለት ነው። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ነው። በፍቺ ቀን «አላውቅም ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

እኩሌታውን ራሱን የሚቃወሙም አሉ፦ ያልሠራ ከሠራው፣ ትዳሩን ያፈረሰም ከተበደለው ጋር እንዴት እኩል ይወስዳል ይላሉ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ስሜት ጥፋተኛ የተባለውን ወገን ድርሻ መቀነስን ይፈቅድ ነበር። አዲሱ የፌደራል ሕግ ጥፋትንና ድርሻን ለያያቸው፤ ፍትሕ ሲጠይቅ የጉዳት ካሣ ይወሰናል እንጂ የጋራ ሀብቱ ክፍፍል መቀጫ አይሆንም። ይህ ትክክል ይመስለኛል። በመንዝ ሚስት የበጉን ጠጕር ፈትላ ወንዱ ሸምኖ ዝተት ሲያወጣ፣ ስንቱ ክንድ የማን ድካም እንደሆነ የሚለካ ዳኛ የለም። ልጅ ማሳደግ፣ ውኃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር ሲጨመሩበት ልኬቱ ይብሱን ይጠፋል። የማይለካውን ለክቶ ከማበላለጥ እኩል ማድረግ የተሻለው ፍርድ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሚነሣው በማስረጃው ላይ ነው፦ ገና ሲጋቡ ንብረት መዝግቦ መፈራረም ፍቺን መጥራት ነው ይባላል። የሰማንያ ጋብቻ ግን ይህን ሐሳብ አያውቀውም፤ ከሁለቱም ወገን የመጣው ከብትና ጥሪት በሽማግሌና በምስክር ፊት የሚቈጠርበት ውል ነበርና። ጐድሎት የነበረው ማስታወሻው በሰው ላይ መቆሙ ነው፤ ምስክር ይረሳል፣ ይሞታል፣ ከአገር ይወጣል። የዛሬ ተጋቢዎች ያንኑ ልማድ በወረቀት ቢያጸኑት፣ በኋላም በተበደሩና ትልቅ ንብረት በሸጡ ቍጥር ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ጽፈው ሁለቱም ቢፈርሙበት፣ በትዳር ለሚቆዩት ሒሳብ ማወቂያ ይሆናቸዋል። ለሚለያዩት ደግሞ ዳኛውም ሽማግሌውም የሚያካፍሉት ትክክለኛውን ግማሽ ይሆናል።