«ነፃ» ሲባል ማን ከፈለ? ማይክሮሶፍትና ጎግል በሰነዶችዎ ላይ የያዙት ፉክክር

የታናሽ እህትዎ ሠርግ ሁለት ወር ቀርቶታል እንበል። የእንግዶቹ ዝርዝር እናት ቤት ደብተር ላይ ነው። የድንኳኑና የምግቡ ሂሳብ ወንድምዎ ስልክ ውስጥ ነው። ዋሽንግተን ያሉት አክስት ደግሞ «ስንት ልላክ?» እያሉ በቴሌግራም ይጠይቃሉ። በመጨረሻ አንዱ ይነሳና «ለምን ሁላችንም የምናየው አንድ ሰንጠረዥ አንከፍትም?» ይላል። ሊንኩ በቤተሰቡ ግሩፕ ይላካል፤ በዚያው ምሽት አዲስ አበባ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ያሉ ሰዎች አንድ ገጽ ላይ እየጻፉ፣ አንዱ ያስገባውን ቁጥር ሌላው እዚያው እያየ፣ በጀቱን ይጨርሱታል። ለፕሮግራሙ ማንም ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም።

የእኔ ሙያ ማርኬቲንግ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው «ነፃ» የሚል ቃል ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ «ታዲያ ማን ከፈለ?» የሚል ነው። መልሱ ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች ሃያ ዓመት ገደማ ወደቆየ ፉክክር ይወስደናል። ፉክክሩ ስለ እነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሔት ባልጻፍኩት ነበር። ነገር ግን የልጅዎ የትምህርት ሥራ፣ የሱቅዎ የደንበኞች ዝርዝርና የቤተሰብዎ ፎቶ ዛሬ ያለው እነሱ ቤት ነው።

ነገርን ከሥሩ

በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) የቢሮ ሥራ ንጉሦች ሌሎች ነበሩ። ለጽሑፍ ዎርድፐርፌክት፣ ለሂሳብ ሰንጠረዥ ሎተስ 1-2-3 ይመረጡ ነበር። ማይክሮሶፍት ዎርድን በ1983፣ ኤክሴልን በ1985 አወጣ፤ ፓወርፖይንትን ደግሞ በ1987 የሠራውን ድርጅት በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የራሱ አደረገው። ከዚያም ሦስቱን በአንድ ጥቅል አስሮ «ኦፊስ» በሚል ስም መሸጥ ጀመረ፤ በ1989 ለማኪንቶሽ፣ በ1990 ለዊንዶውስ።

ጥቅሉ ተወዳጅ ሆነ። ዊንዶውስ ዓለምን ሲያዳርስ ተፎካካሪዎቹ ለዊንዶውስ የሚሆን ጥሩ ፕሮግራም ለማቅረብ ዘገዩ። ከዚያ በኋላ የማይክሮሶፍት ትልቁ አጋዥ ልማድ ሆነ። አለቃዎ የዎርድ ፋይል ከላኩልዎ ለመክፈት ዎርድ ያስፈልግዎታል፤ እርስዎም መልሰው የሚልኩት በዎርድ ነው። አንድ ሰው ሌላ ፕሮግራም ቢወድ እንኳ ብቻውን መውጣት ይከብደዋል። በእኛ ሙያ ይህ «የመቀየሪያ ወጪ» ይባላል። ወጪው በብር ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ አዲስ ነገር በመልመድ፣ የቆዩ ፋይሎችን በማስተካከልና ከሌላው ሰው ጋር ባለመግባባትም ይከፈላል።

ባልታሰበ በር የገባው ተፎካካሪ

ጎግል ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ጂሜይልን ሲያስተዋውቅ ብዙ ሰው የዕለቱ ቀልድ መስሎት ነበር። ሆትሜል 2 ሜጋባይት ቦታ በሚሰጥበት ዘመን ጎግል 1 ጊጋባይት በነፃ እሰጣለሁ ማለቱ ነበር ለማመን ያስቸገረው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 2006፣ ራይትሊ የተባለች ትንሽ የድረ ገጽ መጻፊያ የሠራውን ድርጅት ገዛ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሂሳብ ሰንጠረዡን አወጣ፤ ጥቅምት ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገ። ዛሬ ጎግል ዶክስ እና ጎግል ሺትስ የምንላቸው የተወለዱት እንዲህ ነው።

ያኔ ጎግል ያቀረበው ከዎርድ ጋር ሲነጻጸር ባዶ ቤት ይመስል ነበር። የዎርድን መሣሪያዎች አብዛኛዎቹን አልያዘም። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ሰነዱ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰዎቹ ወደ እሱ ይመጣሉ። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ «ፕሮፖዛል የመጨረሻ»፣ «ፕሮፖዛል የመጨረሻ 2»፣ «ፕሮፖዛል እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎችን ያውቃል። ከሦስቱ የትኛው ለደንበኛው እንደተላከ የሚጠፋበት ቀን ያጋጥማል። ጎግል የመታው ይህንን ችግር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን፤ የዘመኑም ድር ያንኑ ለማድረግ ሞከረ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ማን ከፈለ? የጎግል ዋና ገቢ ማስታወቂያ ነው፤ ዶክስን በነፃ ቢሰጥ ከኪሱ የሚጎድልበት ጥቂት ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ከዋና ዋና ገቢዎቹ አንዱ የኦፊስ ሽያጭ ነበር። ኦፊስን በነፃ ቢሰጥ የራሱን ጎተራ ይከፍታል፤ ባይሰጥ ደንበኛው ቀስ በቀስ ይሸሻል። ጎግል በየካቲት 2007 ለድርጅቶች የሚሆነውን ጥቅል በአንድ ተጠቃሚ በዓመት 50 ዶላር ይዞ ሲመጣ ምርጫው ይበልጥ ጠበበ። ለተፎካካሪ ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ እሱ የሚኖርበትን ዕቃ ሌላው መርቆ ሲሰጥበት።

የማይክሮሶፍት መልስ

ማይክሮሶፍት ቢዘገይም መለሰ። በ2010 የዎርድ፣ የኤክሴልና የፓወርፖይንትን ቀለል ያለ የድረ ገጽ ቅጂ በነፃ ከፈተ። በሰኔ 2011 በወር የሚከፈልበትን ኦፊስ 365 ጀመረ። በ2014 ሳትያ ናዴላ ሥራ አስፈጻሚ ሆነው በመጡ በሁለተኛው ወር ኦፊስ የተፎካካሪው የአፕል አይፓድ ላይ ወጣ። ኩባንያው በገዛ ራሱ ዕቃ ላይ መወዳደር እንዳለበት የተቀበለ ይመስላል። የሰዎቹም ዕጣ ተቀያየረ፤ ከራይትሊ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሳም ሺላስ ከዓመታት በኋላ ማይክሮሶፍትን ተቀላቅሏል።

ከዚህ ፉክክር እኔና እርስዎ ብዙ አተረፍን። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ቢባልም፣ በዚህ ጠብ ሣሩ ዝናብ አገኘ። ድሮ በመቶዎች ዶላር ይሸጥ የነበረ ነገር በስልካችን በነፃ ገባ። ሆኖም አንድ ነገር በዝምታ ተለወጠ። ድሮ ፕሮግራሙን አንዴ ይገዙትና የእርስዎ ይሆን ነበር፤ ዛሬ ይከራዩታል። ነፃ ከሆነም በእንግድነት ይቀመጡበታል። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ልዩነት ማንም ሊያስረዳው አይገባም፤ አከራዩ ዋጋ ሲጨምር መክፈል ወይም ዕቃን ሸክፎ መውጣት ነው።

ጭማሪውም መጥቷል። ማይክሮሶፍት በ2023 ኮፓይለት የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ለድርጅቶች በአንድ ሰው በወር 30 ዶላር አቀረበ። በጥር 2025 ረዳቱን በቤተሰብ ጥቅሉ ውስጥ ሲጨምር የአሜሪካ የወር ዋጋው ከ9.99 ወደ 12.99 ዶላር ወጣ። ጎግልም በዚያው ወር ጄሚናይን በድርጅት ጥቅሎቹ ውስጥ አካቶ ዋጋውን ከፍ አደረገ። ውጭ አገር ሆነው የቤተሰብ ጥቅል የሚከፍሉ ከሆነ የካርድዎን መግለጫ ይመልከቱት፤ ረዳቱን ፈልገውት ይሁን ሳያስቡት የመጣ መሆኑን ይለዩ።

ትምህርት ቤቱም ገበያ ነው

ሁለቱም ኩባንያዎች ለትምህርት ተቋማት መሠረታዊ ጥቅላቸውን በነፃ ይሰጣሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ለድሃ ትምህርት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። የማርኬቲንግ ዓይን ግን ሌላም ያያል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በአንዱ መጻፍ የለመደ ልጅ ሥራ ሲይዝ ቀጣሪውን የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሁለቱንም እንዲሞክር ያድርጉ። ሰንጠረዥ መሥራት፣ ድምር ማውጣትና ሐሳብን በሥርዓት መጻፍ የቻለ ልጅ በየትኛውም ፕሮግራም ይሠራል።

ሌላም አለ። ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ኢሜይል የዩኒቨርሲቲው ነው። ልጅዎ ሲመረቅ አድራሻው ሊዘጋ ይችላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ከምረቃው በፊት ሥራዎቹን ወደ ግል አድራሻው እንዲያዛውር ይንገሩት።

እኛ አገርስ?

በብዙ ኮምፒዩተር ቤቶች አዲስ ላፕቶፕ ሲገዙ ክራክ የተደረገ ኦፊስ ይጫንልዎታል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። ነገር ግን ክራኩን የሠራው ሰው ከፕሮግራሙ ጋር ምን እንዳስገባ ማንም አያውቅም፤ ቫይረስ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። ሕጋዊውን ለመግዛት ደግሞ ዋጋው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር ሲታሰብ ይበልጥ ከብዷል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። የማይክሮሶፍትም የጎግልም የድረ ገጽ ቅጂ በነፃ ይከፈታል፤ ኢንተርኔት ለማይደርስበት ኮምፒዩተር ደግሞ ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነፃና ሕጋዊ ጥቅል መጫን ይቻላል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የራሳችን ጣጣ አለን። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ወይም የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ድረ ገጽ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጋጋታ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰነድ ካለዎት የድሮው ፊደል የሚሠራበት ኮምፒዩተር ሳይጠፋ ያትሙት ወይም በዩኒኮድ ያስቀይሩት።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፉስ? ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላሉ፤ ግን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በጎግል ድራይቭ ቅንብር ውስጥ ያለ ኢንተርኔት መሥራትን አስቀድመው ይፍቀዱ፤ ስብሰባው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው አይሆንም።

በዚህ ቅዳሜ የሚሠሩት

*አድራሻው በማን ስም ነው?* አነስተኛ ንግድ ካለዎት የደንበኞች ዝርዝርና የዕዳ መዝገብ በሠራተኛዎ የግል ኢሜይል እንዳይከፈት። ሠራተኛው ሲለቅ መዝገቡም አብሮ ይለቃል። ለንግዱ የራሱን አድራሻ ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉንም እርስዎ ይያዙ።

*ሊንኩን ማን ያየዋል?* «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው ምርጫ ለሠርግ በጀት ይመች ይሆናል፤ ለፓስፖርት ቅጂና ለባንክ ወረቀት ግን አይሆንም። እነዚህን በስም ለተጠሩ ሰዎች ብቻ ያጋሩ።

*ቦታው ስንት ቀረው?* ጎግል 15 ጊጋባይት፣ ማይክሮሶፍት በዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። የጎግሉ ቦታ ለኢሜይል፣ ለፎቶና ለሰነድ የጋራ ነው፤ ሲሞላ ኢሜይል መቀበልም ያቆማል። የሥራ ጥሪ የሚጠብቅ ልጅ ካለዎት ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

*የዘነጉት አድራሻ አለ?* ጎግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ከነይዘቱ የመሰረዝ መብት እንዳለው አስታውቆ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ይሠራበታል። የሟች አባትዎ ፎቶዎች በአሮጌ ኢሜይላቸው ውስጥ ካሉና የይለፍ ቃሉ በእጅዎ ከሆነ፣ ሳይዘገዩ ያውጧቸው። ለራስዎም፣ አካውንትዎ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ከቆየ ለማን እንዲተላለፍ በጎግል ቅንብር ውስጥ መምረጥ ይችላሉ። የትዳር ጓደኛዎ ወይም ልጅዎ ስም እዚያ ይግባ።

*ስልክ ቁጥሩ ዛሬም የእርስዎ ነው?* ከአገር የወጡ ሰዎች አካውንታቸው የሚጠፋባቸው ብዙ ጊዜ ማረጋገጫው በተውት ሲም ካርድ ላይ ስለሚላክ ነው። ሲሙን ከመተውዎ በፊት ቁጥሩን ይቀይሩ።

*ቅጂ በእጅዎ አለ?* ሁለቱም ሰነዶችዎን አውርደው እንዲወስዱ ይፈቅዳሉ። በስድስት ወር አንዴ ዋና ዋናዎቹን በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ።

የትኛውን ልምረጥ ካሉኝ፣ መልሴ እንደ ሥራዎ ይለያያል። ረጅም ሪፖርት፣ የተወሳሰበ ሂሳብና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባ ሰነድ የሚያዘጋጁ ከሆነ የማይክሮሶፍቱ ያመችዎታል። ከብዙ ሰው ጋር በስልክ ቶሎ ተነጋግሮ መጨረስ ከሆነ የጎግሉ ይቀላል። በሁለቱም መሥራትም ነውር የለውም።

ፉክክሩ እኛን የሚጠቅመን ግን መሄድ እስከቻልን ድረስ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ያኔ ዋጋውን እንዲያስብበት ያደረገው ደንበኛው ሌላ በር ማግኘቱ ነበር። ሰነዱን አውጥቶ መሄድ የማይችል ደንበኛ ለየትኛውም ኩባንያ የሚያሰጋ አይደለም፤ ዋጋውም ሲጨመርበት ዝም ብሎ ይከፍላል። ቅጂውን በእጁ የያዘ ሰው ግን ከሁለቱም ጋር በእኩል ይደራደራል።