የጥንት ገንዘብን ስለ መጠበቅ

በአቃቂ ቃሊቲ ከአያቱ የወረሰውን የብር ገንዘብ በቤቱ የያዘ ሰው አጠባበቁን ሊያውቅ ይገባዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል የተቀረጸበት ጠገራ ብርም፥ በፓሪስ የተመታው የ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ብርም፥ መዳብ የተቀላቀለባቸው ናቸውና እርጥበት ይጎዳቸዋል።

ቀድሞ ሰው ገንዘቡን ከሌባ ለመሰወር በገንቦ አድርጎ ይቀብር ነበር፤ ነገር ግን የአቃቂ ጥቁር መሬት የክረምትን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ፥ መቅበር ከሌባ ቢያድን ከዝገት አያድንም። ስለዚህ እያንዳንዱን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በደረቅ ስፍራ በሚቈለፍ ሣጥን ማኖር ይገባል። የጠቈረውንም በአመድና በሎሚ ማሸት ክፉ ነው፤ መልኩና ጽሕፈቱ ከተፋቀ አይመለስምና።

ቍጥሩንና መልኩን በደብተር ጽፎ ደብተሩን ከሣጥኑ ለይቶ ያስቀመጠ ሰው፥ ሌባ ቢወስድበት ምስክር አያጣም።