ተጨማሪ መረጃ፦ የቼንሶው ክራንክሻፍት ኩሽኔታ አገጣጠም

ከናይሮቢው ዌስትላንድስ አጠገብ ባለው የካሩራ ደን፣ ቀድሞ የተተከለው ባሕር ዛፍ እየተቆረጠ በአገር በቀል ዛፎች ይተካል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውል ቼንሶው በደቂቃ ከ12,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በክራንክሻፍቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው።

ሞተሩ ሲታደስ ኩሽኔታን በመዶሻ ማስገባት ክፉ ልማድ ነው። የውጭው ቀለበት ጠብቆ ሳለ የውስጡ ከተመታ፣ ጫናው በኳሶቹ በኩል አልፎ የሚንከባለሉበትን ቦይ ያጎደጉዳል። አዲስ ኩሽኔታ ገና ሥራ ሳይጀምር ያጓራል።

ሙቀት ይሻላል። የብዙዎቹ ቼንሶዎች የክራንክ ቤት ማግኒዥየም ስለሆነ ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። የ6202 ኩሽኔታ መቀመጫ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ኩሽኔታ ያኔ በጣት ተገፍቶ ይገባል። ቤቱ ግን ከቤንዚን ፈጽሞ ይጽዳ፤ በነበልባል ሳይሆን በኦቨን ይሙቅ። የተቀጣጠለ ማግኒዥየም ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያባብሰዋል።

ሲገዛም «ሲ3» የሚል ምልክት ያለው ይመረጥ፤ በውስጡ ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍተት ስላለው በሙቀት አይጨናነቅም።