ኑሮና ንባብ በአንድ ደብተር

በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቢሮ የሚሠራው ሳሙኤል ፔፒስ ዲሴምበር 26 ቀን 1662 ለንደን ሁሉ የሚያወራለትን አንድ አዲስ መጽሐፍ ገዛ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ «ሁዲብራስ» ይባላል፤ ሳሙኤል በትለር የጻፈው የፌዝ ግጥም ነው። ዋጋው 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ፔፒስ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቢያየው ፌዙ አልጣመውም። እንዲያውም መግዛቱ አሳፈረውና በዚያው ቀን ለአንድ ሰው በ18 ፔንስ ሸጠው፤ 1 ሺሊንግ ከሰረ ማለት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ሰው ሁሉ በመጽሐፉ ሲስቅ እሱ ብቻ ዳር መቅረቱ ከነከነውና ሄዶ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ገዛው።

ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ ነው። ፔፒስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1660 እስከ ሜይ 31 ቀን 1669 የዕለት ማስታወሻ ይዟል፤ ስድስት ጥራዝ ሞልቷል። ምን እንደበላ፣ ከሚስቱ ጋር በምን እንደተጣላ፣ በቢሮ ማን ማንን እንደጠለፈ፣ የትኛውን ቴአትር አይቶ ገንዘቡ እንደቆጨው፣ የትኛውን መጽሐፍ አንብቦ እንደወደደው ሳይለያይ ተጽፎ ይገኛል። በ1666 ለንደን ስትቃጠል ወይኑንና የፓርማ አይቡን ጓሮ ቆፍሮ እንደቀበረ የምናውቀውም ከዚሁ ነው። ስለ ቃጠሎው የሚጽፉ የታሪክ ሰዎች አይቡን ሳያነሱ አያልፉም፤ እኔም አላለፍኩም።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት እንዲህ ያለውን ደብተር ነው፤ ኑሮና ንባብ አብረው የሚያድሩበትን። ዘሩ ከሁለት ወገን ይመዘዛል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የዕለት ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው ካነበቡት ላይ ደስ ያለውን እየቀዱ በየርእሱ የሚያኖሩበት ደብተር ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህኛው ተማሪ ሁሉ እንዲይዘው የሚመከር ነገር ነበር። ሊቁ ኢራስመስ በ1512 ባሳተመው የአጻጻፍ መማሪያ ርእሶቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ከሥራቸው ቦታ ትቶ፣ ያነበቡትን እዚያ ማከማቸትን ያስተምራል። ጣሊያናዊው ገጣሚ ጃኮሞ ሌኦፓርዲ ደግሞ ከ1817 እስከ 1832 ድረስ ያነበበውን፣ ያሰበውንና የታዘበውን እየደባለቀ 4,526 ገጽ ጽፏል። በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም። ታትሞ የወጣው በ1898 እና 1900 መካከል ነው።

የእኛም አገር መጽሐፍ ንጹሕ የንባብ ዕቃ ብቻ ሆኖ የኖረበት ጊዜ ጥቂት ነው። በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን የብራና ወንጌሎች የገለጠ ሰው፣ ባዶ በቀሩት ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ተጽፎ ያገኛል። ወንጌሉ የተከበረ ስለሆነ ውሉም በዚያው ይከበራል፤ ደግሞም ወንጌል እንደ ልቅ ወረቀት አይጠፋም። በብዙ ቤት እስከ ዛሬ የልጆች የልደት ቀን የሚገኘው በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ ነው። ወላጆቻችን ኑሮን ከንባብ ጎን ለመጻፍ የማንንም ምክር አልጠበቁም።

ጽፎ ማስቀመጥ ታዲያ የነገሩ ግማሽ ነው። ፔፒስ ማስታወሻውን የያዘው በተራ ጽሕፈት አልነበረም፤ ቶማስ ሼልተን የተባለ ሰው ባወጣው የአጭር ጽሕፈት ስልት ነበር። ሲሞት 3,000 መጻሕፍቱን ከነማስታወሻው በካምብሪጅ ለሚገኘው ለማግደሊን ኮሌጅ አወረሰ። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሳያነበው ቆየ። በ1819 ጆን ስሚዝ የሚባል ተማሪ እንዲፈታው ተቀጠረና ሦስት ዓመት ያህል ምልክት በምልክት እየገመተ ታገለ። የስልቱ መማሪያ፣ የሼልተን መጽሐፍ፣ እዚያው በፔፒስ መጻሕፍት መካከል ቁጭ ብሎ ነበር፤ ስሚዝ አላወቀም። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ባለመገኘቱ ሦስት ዓመት ሄደ።

የግል ደብተርም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ከተጻፈበት በኋላ «ያቺ ነገር የት ነበረች?» ይባላል፤ ገጹ ይገለበጣል፤ አትገኝም፤ ደብተሩም ቀስ በቀስ ከአልጋ ሥር ይገባል። የኢራስመስ መንገድ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን አንዱ ርእስ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሌላው አሥር ገጽ ተቀምጦለት አንድ መስመር ሳይጻፍበት ይቀራል። ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያሳስበው አስቀድሞ አያውቅማ!

መላውን ያመጣው ጆን ሎክ ነው፤ ስለ መንግሥትና ስለ ሰው አእምሮ የጻፈው ፈላስፋ። በሆላንድ በስደት ሳለ፣ በ1686፣ አምስተርዳም ውስጥ በሚታተም የፈረንሳይኛ መጽሔት ላይ የማስታወሻ ደብተር አያያዝ ዘዴውን አወጣ። ለረጅም ዓመታት ራሱ ሲሠራበት የኖረ ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1706 ነበር። ያን የሚያህል ሰው ተቀምጦ ስለ ደብተር ማውጫ መጻፉ ለእኔ ከትልልቆቹ ሐሳቦቹ ባልተናነሰ ደስ ይለኛል።

ዘዴው እንዲህ ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ ሁለት ትይዩ ገጾች ለማውጫ ይያዛሉ። በዚያ ላይ የላቲን ፊደላት በተርታ ይጻፋሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል ደግሞ በአምስቱ አናባቢዎች አምስት ሳጥን ይከፈልለታል። ሎክ እንደ ኬ ያሉትን ድምፃቸውን ሌላ ፊደል የሚሸፍንላቸውን ቀነሰና በ20 ፊደል 100 ሳጥን አገኘ። አንድ ነገር መጻፍ ሲፈልግ ርእስ ይሰጠዋል፤ የርእሱን የመጀመሪያ ፊደልና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ አናባቢ ይወስዳል። «ኤፒስቶላ» ከሆነ ኢ እና አይ የሚገናኙበትን ሳጥን ያያል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ፣ ደብተሩ ውስጥ ወዳለው የመጀመሪያ ባዶ ጥንድ ገጽ ሄዶ ይጽፍና የገጹን ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያስገባል። ቁጥር ካለው ወደዚያ ገጽ ሄዶ ከበፊቱ ሥር ይቀጥላል። ጥንዱ ገጽ ሲሞላ ሌላ ባዶ ጥንድ ፈልጎ ሁለተኛ ቁጥር ይጨምራል። አስቀድሞ ቦታ መመደብ የለም፤ የሚባክን ወረቀት የለም፤ የሚፈለገው ነገር በአንድ እይታ ይገኛል።

ሀ ሁ ሂ እያለ ያደገ ሰው ይህን ሠንጠረዥ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሎክ ፊደልን ከአናባቢ ጋር ለማጋጠም የደከመበት ነገር ለእኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተማርነው ገበታ ነው። ወደ ታች ፊደላቱ፣ ወደ ጎን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። የርእሱ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ ሳጥኑን ይነግራል፦ «ቡና» በ ላይ ካዕብ፣ «ሚዜ» መ ላይ ሣልስ፣ «ዶሮ» ደ ላይ ሳብዕ። ሁለተኛውን ፊደል ማየት እንኳ አያስፈልግም።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ሳጥን ይወጣል። በድምፅ የሚመሳሰሉትን ብናጋባ ግን፣ ሀን ከሐ እና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ፣ 28 ይቀራሉ። ለደብተር ማውጫ ማጋባት ግድ ይመስለኛል። ፊደላቱ ይከበሩ የሚሉትን ወገኖች አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ሠርግ»ን ዛሬ በንጉሡ ሠ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእሳቱ ሰ የሚጽፍ እጅ ነገሩን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። 28 በሰባት 196 ሳጥን ነው። በአንድ ገጽ 14 ፊደል ከተደረገ የግራው ገጽ ከሀ እስከ ከ፣ የቀኙ ከኸ እስከ ፐ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አንድ መስመር ይበቃዋል። ቨ ለ«ቪዛ» እና ለ«ቫይረስ» ካስፈለገ ከበ ጋር ይደረባል። ኘ ባዶውን ይኖራል፤ ይኑር። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን ወይም የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት የለመደ ሰው አ በ ገ ደ ብሎ ቢደረድርም ያው ነው፤ ለሌሎቻችን ግን በዚያ ተራ ቃል ፍለጋ መግባት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

በሥራ ላይ እንየው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ደግሜ እያነበብኩ ባላገሮቹ በጌታቸው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያመፁበት ቦታ ደረስኩ እንበል። ማታ ደብተሩን ስከፍት ርእሱን «ጌትነት» አልኩት። ገ ላይ ኃምስ፤ ሳጥኑ ባዶ። የመጀመሪያው ባዶ ጥንድ ገጽ 24 እና 25 ነው። ኅዳጉ ላይ «ጌትነት» ብዬ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ነገሩን በሦስት አራት መስመር አስፍሬ፣ የመጽሐፉን ገጽና ስንተኛ እትም እንደሆነ አስከተልኩ። እትሙ መጻፍ አለበት፤ የአማርኛ ልብ ወለድ በታተመ ቁጥር ገጹ ይቀያየራልና ቁጥሩ ብቻውን የትም አያደርስም። ከዚያ ማውጫው ላይ ጌ ውስጥ 24። ከሳምንት በኋላ አከራዬ መጥተው ኪራይ መጨመሩን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም እንግዳ እንደማይገባ ነገሩኝ። ይህም ርእስ ይፈልጋል። «ኪራይ» ልለው እጄን ወደ ከ ስሰድድ ሌላ ነገር መጣልኝና ወደ 24 ሄድኩ፤ እትዬ ከፊታውራሪ መሸሻ ሥር ተጻፉ።

ሁለቱን ደብተሮች አንድ የማድረግ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። የንባቡ ደብተር ለብቻው ቢሆን ኖሮ ፊታውራሪው ልብ ወለድ ሆነው፣ የዕለት ማስታወሻው ለብቻው ቢሆን ኖሮ አከራዬ ብሶት ሆነው ይቀሩ ነበር። ርእስ ሲያገናኛቸው አንዱ ሌላውን ይገልጠዋል፤ ሁለቱ ላይም አብሮ መሳቅ ይቻላል። በዚያው ሳጥን «ጌጥ» እና «ጌሾ» መግባታቸውም አይከፋም። ጌሾ የተወደደበትን ቀን ስፈልግ በመንገዴ ፊታውራሪውን አገኛለሁ። ስልክ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ በፍለጋ ይገኛል፤ እውነት ነው፤ የሚገኘው ግን የፈለጉት ቃል ብቻ ነው። የረሱትን ማን ብሎ ይፈልጋል?

ችግርም አለው። መ ግዕዝ ቶሎ ይጨናነቃል። መጽሐፍ፣ መንገድ፣ መብራት፣ መርካቶ፣ መኪና፣ መድኃኒት ሁሉም እዚያ ናቸው፤ በዚያ ላይ ርእስ በግስ የሚሰጥ ሰው «መኖር»፣ «መሄድ»፣ «መታመም» እያለ ግማሹን ደብተር አንድ ሳጥን ውስጥ ያጉረዋል። ስለዚህ ርእስ ስም ይሁን፦ «ኑሮ»፣ «ጉዞ»፣ «ሕመም»። ለመ ሁለት መስመር መተውም ብልህነት ነው። ሌላው፣ ርእስ ሲሰጡ መራቀቅ አያዋጣም። «የዘመናዊነት ቀውስ» ብሎ የጻፈ ሰው በኋላ ሲፈልግ የሚያስታውሰው «ሊፍት» የሚለውን ነው፤ ሊፍት ውስጥ ስለተዘጋበት ቀን ነበርና የጻፈው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ርእስ «ውሰት» ነው፣ ወ ላይ ሳድስ። ማን የትኛውን መጽሐፍ በየትኛው ቀን እንደወሰደ እዚያ አለ። ቀን ተጠቅሶ የሚጠየቅ ሰው እንደ በፊቱ «መልሼልህ የለ?» አይልም፤ «አልጨረስኩትም» ይላል፤ ይህም እድገት ነው።

ደብተሩን በተመለከተ፦ በክር የተሰፋ ይሁን፤ ስፒል የተመታው መካከሉ ቶሎ ይለቅቃል፣ ባለ ሽቦው ደግሞ ቅጠል ለመገንጠል ይጋብዛል፣ አንድ ቅጠል ከተገነጠለ ማውጫው ዋሸ ማለት ነው። ድርጅቶች በአዲስ ዓመት የሚያድሉት አጀንዳ ለዚህ አይመቸኝም። ቀኑ ቀድሞ ታትሞበታል፤ ምንም ያልተጻፈበት ቀን ባለ ዕዳ ያስመስላል። ፔፒስ እንኳ ሥራ ሲበዛበት በቁራጭ ወረቀት እየያዘ፣ የብዙ ቀኑን በኋላ አንድ ላይ ይገለብጥ ነበር። ምሥጢር ያስፈራው ሰው እንደ ፔፒስ አጭር ጽሕፈት መማር አይጠበቅበትም፤ በየገጹ የሚነበበው የተኮረጀ ግጥምና የጌሾ ዋጋ መሆኑን ያየ ቤተሰብ ሁለተኛ ቀን አይገልጠውም።

ገጽ ቁጥሩን ገና ሳይጻፍበት፣ በአንድ መቀመጫ እስከ መጨረሻው መምታት ይሻላል። የመጀመሪያው ደብተር 192 ላይ ካለቀ ሁለተኛው ከ193 ይጀምራል፤ ማውጫውም ያው የመጀመሪያው ይሆናል፣ ሳጥኖቹ እስኪሞሉ ድረስ።